ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የተረፉ ደብዳቤዎችንና ፊርማዎችን እንዴት እንሰብስብ?

ጥቁር አሜሪካዊው የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ መጻፍ የተማረው ተደብቆ ነው። ባልቲሞር ውስጥ በባርነት ሲያድግ የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሰምቶ ከለከላት። ልጁ ግን አልተወውም። መርከብ በሚሠራበት ግቢ አናጢዎች እንጨት ላይ የሚጽፏቸውን ፊደላት አይቶ ይይዛል። ከዚያ አጥር ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ መንገድ ላይ በጠመኔ ይጽፋቸዋል። በ1838 ከባርነት አመለጠ። በ1895 እስኪሞት ድረስም ብዕር ከእጁ አልተለየም።

የእሱን ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስታወት ሥር ያየሁ ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ታሪኩን አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዕሩ የት ላይ ጠንከር እንዳለ፣ ቀለሙ የት ላይ እንዳለቀና እንደገና ነክሮ እንደቀጠለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ዘመን አሜሪካውያን የጻፏቸውን ደብዳቤዎችና የፈረሙባቸውን ሰነዶች እሰበስባለሁ። ሀብታም አይደለሁም፤ ስብስቤም ትንሽ ነው። ግን ከጥናትም ከስህተትም የተማርኩት ስላለ፣ መጀመር ለምትፈልጉ ደረጃ በደረጃ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ጠበብ ያለ ርዕስ ምረጡ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «የሊንከን ፊርማ እፈልጋለሁ» ብሎ ነው። የሊንከን ፊርማ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ሐሰተኛውም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሰው በዚህ በር ባይገባ ይሻለዋል።

ይልቅ አንድ ጉዳይ ያዙ። ለምሳሌ ባርነትን የታገሉትን ሰዎች። የዳግላስ የእጅ ጽሑፍ ውድ ነው። አብረውት የታገሉት የዊልያም ሎይድ ጋሪሰን፣ የዌንዴል ፊሊፕስና የገጣሚው ጆን ግሪንሊፍ ዊትየር ደብዳቤዎች ግን ከእሱ በጣም በቀነሰ ዋጋ ይገኛሉ። ወይም ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ኮንግረስ የገቡትን ጥቁር አሜሪካውያን ያዙ። በ1870 የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር የሆነው ሃይረም ሬቭልስ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሚሲሲፒን የወከለው ብላንሽ ብሩስ አለ። ብሩስ በኋላ የግምጃ ቤት መዝጋቢ ሆኖ ስለሠራ ስሙ በአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ ላይ ታትሟል። በገንዘቡ ላይ ያለው የታተመ ፊርማ ነው፤ የእጅ አይደለም። ቢሆንም ከእውነተኛ ፊርማው ጋር ጎን ለጎን ለማየት ደስ ይላል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዳግላስ ከ1881 እስከ 1886 የዲሲ የርስት ውል መዝጋቢ ነበር። ብሩስም ከ1890 ጀምሮ በዚያው ወንበር ተቀምጧል። የእነሱ ስም ያለባቸው የቤትና የመሬት ውሎች ዛሬም ገበያ ላይ ይወጣሉ። በየቀኑ የምታልፉበት መንገድ ላይ ያለ ቦታ፣ በዳግላስ ቢሮ የተመዘገበበትን ወረቀት መያዝ ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ደረጃ 5ን አንብቡ።

ርዕስ ማጥበብ ገንዘብ ከመቆጠቡም በላይ ሌላ ጥቅም አለው። ሃያ ሰው በላይ በላዩ ከምታውቁ ሁለት ሰው ጠንቅቃችሁ ብታውቁ፣ ሐሰተኛው ገና ከሩቁ ይታያችኋል።

2. የገበያውን ቋንቋ ልመዱ

የጨረታ ዝርዝሮች በምህጻረ ቃል የተሞሉ ናቸው። «ኤኤልኤስ» ካለ ደብዳቤውን ከነፊርማው ሰውየው ራሱ በእጁ ጽፎታል ማለት ነው። «ኤልኤስ» ካለ ጽሑፉ የጸሐፊ ነው፤ ፊርማው ብቻ የእሱ ነው። «ዲኤስ» የተፈረመበት ሰነድ ነው፤ ሹመት፣ ውል፣ ቼክ ሊሆን ይችላል። «ቲኤልኤስ» በታይፕ ተጽፎ የተፈረመ ነው። የጽሕፈት መኪና ገበያ ላይ የወጣው በ1874 ስለሆነ በታይፕ ተጽፎ 1860 የሚል ደብዳቤ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ተቆርጦ የወጣ ፊርማም አለ። በዚያ ዘመን ሰብሳቢዎች ደብዳቤውን ጥለው የፊርማዋን ቁራጭ ብቻ ያስቀሩ ነበር። እነዚህ ቁራጮች ርካሽ ናቸው። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክራቸውም። የሚመረመር ወረቀት የለ፣ የሚነበብ ሐሳብ የለ። የጻፈው ለማን ነው? ስለ ምን? ሁሉም ተቆርጦ ቀርቷል። በተመሳሳይ ገንዘብ ያን ያህል ስሙ ያልገነነ ሰው የጻፈውን ሙሉ ደብዳቤ ብትገዙ ይሻላል።

3. ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እጁን አጥኑ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል።

የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ7,000 በላይ የዳግላስ ሰነዶችን ይዟል። በድረ ገጹ ላይ በነፃ ይታያሉ። የሊንከንም፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ነርስ የክላራ ባርተንም፣ የሴቶች መብት ታጋይዋ የሱዛን አንቶኒም እዚያው አሉ። አንድ ሰው ምረጡና ሠላሳ ደብዳቤ ያህል አውርዱ። በዓመት ደርድሯቸው። የሰው እጅ በዕድሜ ይለወጣልና የ1850 ፊርማን ከ1850ዎቹ፣ የ1890ን ከ1890ዎቹ ጋር አስተያዩ። ሰውየው የ«ቲ»ን አግድም መስመር እንዴት ያሰምራል? መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ ቀጥ ይላል? ስሙን ያሳጥራል? ዳግላስ የመጀመሪያ ስሙን ብዙ ጊዜ አሳጥሮ «ፍሬድክ» ብሎ ይፈርም ነበር። ሊንከን በደብዳቤ ላይ «ኤ. ሊንከን» ይላል፤ በመንግሥት ሰነድ ላይ ግን «አብርሃም ሊንከን» ብሎ ሙሉ ስሙን ይጽፋል። የግል ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ሙሉውን ስም ካያችሁ ቆም በሉ።

ፊደላቱ ተያይዘው የተጻፉበትን የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ መጀመሪያ ያደክማል። አገር ቤት የተማርን ሰዎች ሁለት ፊደል የተጣመረ ሲመስለን ግራ ይገባናል። መድኃኒቱ ልምምድ ነው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2018 ጀምሮ «ባይ ዘ ፒፕል» በሚባል ፕሮግራም ሕዝቡ የእጅ ጽሑፎችን እያነበበ በኮምፒውተር እንዲገለብጥ ጋብዟል። አዲስ አበባም ሆናችሁ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ መሳተፍ ትችላላችሁ። ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ አንድ አንድ ገጽ ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ጨረታ ላይ የሚወጣ ደብዳቤ ማንበብ አላስቸገረኝም።

የሚያደናግሩ ልማዶችም አሉ። «ኢንስታንት» ካለ «በዚህ ወር» ማለቱ ነው፤ «አልቲሞ» ካለ «ባለፈው ወር»። ቀን በቁጥር ሲጽፉ ወሩን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ 4/3 ማለት ኤፕሪል 3 ነው። ሁለት «ኤስ» ሲከታተሉ የመጀመሪያዋን «ኤፍ» አስመስለው የሚጽፉ ሽማግሌዎች እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ነበሩ። ወረቀት ለመቆጠብ ደግሞ ገጹን ሞልተው ሲያበቁ ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ይጽፉበታል። ስታዩት መረብ ይመስላል። ዓይናችሁ ሲለምደው ግን አንዱ መስመር ከሌላው ይለያል።

አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ዋናውን በአካል ማየት ትችላላችሁ። 16 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው የቤተ መጻሕፍቱን የአንባቢ መታወቂያ በነፃ ያወጣል። የእጅ ጽሑፍ ማንበቢያው ክፍል ማዲሰን በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው።

4. ወረቀቱንና ቀለሙን መርምሩ

ሦስት ዕቃ ይበቃችኋል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራትና የእጅ ባትሪ። ሦስቱም ርካሽ ናቸው።

ከወረቀቱ እንጀምር። እስከ 1860ዎቹ ድረስ የአሜሪካ ወረቀት የሚሠራው ከጨርቅ ነበር፤ ከጥጥና ከተልባ እግር። ስለዚህ የ1830 ደብዳቤ ዛሬም ለስላሳና ጠንካራ ሆኖ ብታገኙት አትጠራጠሩ። ከ1870ዎቹ ወዲህ ከእንጨት የሚሠራው ወረቀት ተስፋፋ። እሱ አሲድ ስላለው ይበሻቅጣል፤ ጠርዙም እየተፈረፈረ ይሄዳል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሡና የውሃ ምልክት እንዳለበት እዩ። የፋብሪካ ስም ወይም ዓመት ካለበት ከደብዳቤው ቀን ጋር ይስማማል?

ቀጥሎ አልትራቫዮሌቱን አብሩ። ከ1950 አካባቢ ወዲህ የተሠራ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያነጣ ኬሚካል ስለሚገባበት ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። የጥንቱ እንዲህ አያበራም። ወረቀቱ ካበራ ጉዳዩ አልቋል። ካላበራ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች ከአሮጌ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ገንጥለው ይጽፉበታልና።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ላብራራ። የእኛ ደብተራዎች ቀለም መሠረቱ ጥቀርሻ ነው። ብራና ላይ ጥቁር ብሎ ይቀመጣል፤ ብራናውን አይበላውም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን በብዛት የተጠቀሙበት ቀለም ግን ሌላ ነው። ኦክ በሚባለው ዛፍ ላይ ነፍሳት የሚያወጡትን እብጠት ፈጭተው፣ የብረት ጨውና ሙጫ ጨምረው ያዘጋጁታል። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል። አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። አሲድ ስላለው ቀስ በቀስ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ስታዩ፣ ቀለሙ ከብዶ ያረፈበት ቦታ ላይ ቡናማ ጥላ ብታገኙ ጥሩ ምልክት ነው።

በአጉሊ መነጽሩ የብዕሩን ዱካ እዩ። የብረት ብዕር ጫን ሲሉት ጫፉ ይከፈላል። በሁለቱ ጠርዝ ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ሁለት ጠቆር ያሉ መስመሮች ይተዋል። የላባ ብዕር ይህን ብዙም አያሳይም። የታተመ ከሆነ ግን ቀለሙ እኩል ተዘርግቶ፣ ዝርግ ሆኖ ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። እጅ የጻፈው መስመር አንድ ወጥ አይሆንም፤ ይጠብቃል፣ ይላላል።

በመጨረሻ እጥፋቱን ተመልከቱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው መጀመሪያ ይጽፋል፤ ከዚያ ያጥፋል። እንደዚያ ከሆነ እጥፋቱ ቀለሙን ሰብሮ ያልፋል። ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ከተሰራጨ ግን ወረቀቱ ከታጠፈና ካረጀ በኋላ ተጽፎበታል ማለት ነው። ይህች ቀላል ምርመራ ብዙ ሰው አድናለች።

ፖስታውም ይናገራል። እስከ 1845 ድረስ የመልእክት ክፍያው በወረቀቱ ብዛትና በርቀቱ ነበር። ፖስታ ራሱ እንደ አንድ ወረቀት ይቆጠራል። ስለዚህ ሰው ደብዳቤውን ራሱን አጥፎ፣ በሰም አሽጎ፣ አድራሻውን ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ቴምብሮች የወጡት በ1847 ነው፤ ባለ 5 ሳንቲሙ ፍራንክሊን፣ ባለ 10 ሳንቲሙ ዋሽንግተን። 1840 የሚል ደብዳቤ ቴምብር ካለው ፖስታ ጋር «አብሮ የመጣ» ተብሎ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉ።

5. በታላቁ ሰው ስም የፈረመው ማን ነው?

ጀማሪን በብዛት የሚያከስረው ወንጀለኛ አይደለም። እውነተኛው ሰነድ ነው፤ ወረቀቱ እውነተኛ፣ ቀኑ እውነተኛ፣ ስሙ እውነተኛ፣ እጁ ግን የሌላ ሰው።

የመሬት ባለቤትነት ሰነዶችን ውሰዱ። እስከ 1833 መጀመሪያ ድረስ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይፈርምባቸው ነበር። ሰነዱ በዝቶ ሥራው ሲከብድ ኮንግረስ ጸሐፊ እንዲፈርም ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ያሉት «አንድሩ ጃክሰን»፣ «አብርሃም ሊንከን» ይሉና ከሥር የጸሐፊው ስም ይከተላል። ፊርማውን በሙሉ የጻፈው ጸሐፊው ነው። እነዚህ ሰነዶች እጅግ ብዙ ናቸው። ሻጩ ሳያውቅ ወይም እያወቀ «የፕሬዚዳንት ፊርማ» ብሎ ያቀርባቸዋል። የጃክሰን እውነተኛ ፊርማ ያለበት የመሬት ሰነድ ከፈለጋችሁ ቀኑን እዩ።

የሊንከንን ቦታ የተካው አንድሩ ጆንሰን ደግሞ እጁ ተጎድቶ ስለነበር በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን ብዙ ሰነዶች ላይ የፊርማ ማኅተም ያስመታ ነበር። የዲሲው ርስት ውልም እንዲሁ ነው። የዳግላስ ቢሮ በየቀኑ ብዙ ውል ያስተናግድ ነበር፤ ልጆቹን ጨምሮ ጸሐፊዎች ነበሩት። ስለዚህ ስሙ ያለበት ሁሉ እጁ ያለበት አይደለም። ያወረዳችኋቸውን ናሙናዎች አውጡና አስተያዩ።

ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ስታስመልጥ የኖረችው ሃሪየት ተብማን ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። ደብዳቤ ስትልክ ሌላ ሰው ይጽፍላት ነበር። «ሃሪየት ተብማን በእጇ የጻፈችው» የሚል ነገር ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

የታተመ ቅጂም ወጥመድ ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት የእርስ በርስ ጦርነቱ አዛዥ፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው የጄኔራል ግራንት ፊርማ ነበር። ሁለት መስመር መታሰቢያ፣ ከሥሩ ስሙ፣ ቀኑ ሜይ 23፣ 1885። በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም። ከሳምንታት በኋላ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የግራንትን ማስታወሻ መጽሐፍ ስከፍት ያው ገጽ፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ቀን ተቀመጠ። መጽሐፉ ሲታተም መታሰቢያውን በእጁ ጽሑፍ አምሳል ነው ያተሙት። አንድ ሰው ገጹን ገንጥሎ በፍሬም አስገብቶታል። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። ያን ቀን አጉሊ መነጽር ገዛሁ።

የቢክስቢ ደብዳቤ የሚባለው ደግሞ በጣም የታወቀ ነው። በ1864 ልጆቿን በጦርነት ላጣች እናት ከሊንከን የተላከ የማጽናኛ ደብዳቤ ነው። ዋናው ጠፍቷል። ማን እንደጻፈው ራሱ ያከራክራል፤ ሊንከን ነው የሚሉ አሉ፣ ጸሐፊው ጆን ሄይ ነው የሚሉም አሉ። በእጅ ጽሑፍ አምሳል የታተሙ ቅጂዎቹ ግን በየቤቱ ተሰቅለዋል። አያቶቹ ቤት ውስጥ አግኝቶ «ዋናው እኔ ጋ ነው» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም።

6. ስለ ፎርጂድ ሠሪዎች እወቁ

የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ዓይን ይከፍታል። ሮበርት ስፕሪንግ በፊላደልፊያ ተቀምጦ የጆርጅ ዋሽንግተንን የይለፍ ወረቀቶችና ቼኮች ያመርት ነበር፤ በ1876 ሞተ። ጆሴፍ ኮዚ በ1930ዎቹ የሊንከንን፣ የደራሲው የኤድጋር አለን ፖን፣ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን እጅ እንደ ራሱ እጅ ይጽፍ ነበር። የሁለቱም ሥራ ዛሬም ገበያ ላይ ይዞራል።

ከሁሉ የከፋው ማርክ ሆፍማን ነው። የዩታ ሰው ነው። ቀለሙን በጥንቱ አሠራር ራሱ ያዘጋጃል፤ በኬሚካል ያስረጀዋል። ሊጋለጥ ሲል በ1985 ቦምብ አጥምዶ ሁለት ሰው ገደለ። መርማሪዎች ቀለሙን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ አዞ ቆዳ ተሰነጣጥቆ አገኙት። እስር ቤት ከገባ ከአሥር ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1997፣ የገጣሚዋ የኤሚሊ ዲክንሰን ነው የተባለ ግጥም በታላቅ ጨረታ ቀርቦ የተወለደችበት ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ21,000 ዶላር ገዛው። የሆፍማን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ተመለሰ። ገንዘቡ ሊመለስ የቻለው በዋስትና ስለተገዛ ነው፤ ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሙሉ ደብዳቤ መፍጠር እንኳ አያስፈልግም። አንድ ቁጥር መለወጥ ይበቃል። በ2011 ናሽናል አርካይቭስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ቤት አንድ የሊንከን የምሕረት ሰነድ ላይ ቀኑ እንደተነካካ አስታወቀ። 1864 የነበረው 1865 ተደርጓል። በአንዲት ቁጥር ለውጥ ሰነዱ ሊንከን በተተኮሰበት ቀን የተፈረመ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ታላቅ ቀን ላይ ካረፈ መጀመሪያ መነጽራችሁን ቀኑ ላይ አድርጉ።

7. የት ትገዛላችሁ፣ ምን ትጠይቃላችሁ?

መጀመሪያ ከታወቁ ነጋዴዎችና ጨረታ ቤቶች ግዙ። ቦስተን ያለው አርአር ኦክሽን፣ ዳላስ ያለው ሄሪቴጅና ኒውዮርክ ያለው ስዋን የታሪክ ሰነድ በየጊዜው ያጫርታሉ። የሰብሳቢዎች ማኅበርም አለ። ማኑስክሪፕት ሶሳይቲ በ1948 የተመሠረተ ሲሆን ከሰብሳቢና ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጋር ያገናኛል።

ጨረታ ላይ ዋጋውን በትክክል አስሉ። አሸንፋችሁ 400 ዶላር ብላችሁ፣ የቤቱ ክፍያ 25 በመቶ ከሆነ 500 ትከፍላላችሁ። ታክስና የመላኪያ ወጪ ሌላ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የመጨረሻ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና ከዚያ አትለፉ።

ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦

- ከማን ገዛኸው? ከዚያ በፊትስ ማን ጋ ነበር?
- ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ዓመታት ቢያልፉም ገንዘቤን ትመልሳለህ? በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?
- ተጠግኗል? ታጥቧል? ከጀርባው ወረቀት ተለጥፎበታል?
- የጀርባውን ፎቶ፣ ወደ ብርሃን ተይዞ የተነሣውንም ትልክልኛለህ?

መልስ የማይሰጥ ወይም የሚያጣድፍ ሻጭ ከሆነ ተዉት። ጥሩ ነጋዴ በጥያቄ አይከፋም።

ሰነዱ የተሰረቀ አለመሆኑንም ማረጋገጥ የእናንተ ድርሻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም፣ የተፋቀ ቦታ፣ በእርሳስ የተጻፈ የመደርደሪያ ቁጥር ካለበት ጠይቁ። ናሽናል አርካይቭስ የጠፉበትን ሰነዶች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። የእኛ አገር ብራናዎችና ደብዳቤዎች በምን መንገድ ወጥተው የት እንደደረሱ የምናውቅ ሰዎች፣ በሌላው ሕዝብ ንብረት ላይ የባሰ ጥንቃቄ ልናደርግ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

8. ቤት ሲገባ

እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። የጨርቅ ጓንት አያስፈልግም፤ ጣት ስለሚያደነዝዝ ወረቀት ያስቀድዳል። በአጠገቡ እስክሪብቶ አታኑሩ፤ በእርሳስ ብቻ ጻፉ። የተቀደደ ካለ በፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ደብዳቤውን እንደመግደል ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

አሲድ የሌለው ወረቀት ማኅደር ግዙ። ለማየት ከፈለጋችሁ ማይላር የሚባለውን የፖሊስተር ሽፋን ተጠቀሙ። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ይርቅ። ቀለሙ እርጥበት አይወድም። ስለዚህ ምድር ቤትም፣ ኮርኒስ ሥርም፣ ኩሽና አጠገብም አይሆንም። ሰው ተመችቶት የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ያለ ቁም ሣጥን ይበቃል። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ጥሩ የቀለም ቅጂ አሠርታችሁ ስቀሉ፤ ዋናው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ብርሃን የወሰደው ቀለም አይመለስም።

የጦር መኮንን የሹመት ሰነድ ከገዛችሁ ብዙ ጊዜ የታተመው ብራና ላይ ነው። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጣጠራል፤ ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በግድ ለማቃናት አትሞክሩ።

9. አንብቡት፣ መዝግቡት

ደብዳቤው የእናንተ ከሆነ በኋላ ሙሉውን ገልብጡ። ያልተነበበችውን ቃል በቅንፍ ተዉአት፤ በሌላ ቀን ትገለጣለች። ከዚያ የተላከለትን ሰው ፈልጉ። እኔ ጋ ያለች አንዲት የዌንዴል ፊሊፕስ አጭር ደብዳቤ አለች። ስገዛት ስለ ንግግር ቀጠሮ ብቻ መስላኝ ነበር። የተቀባይዋን ስም ይዤ የዘመኑን ጋዜጦች ስፈልግ የከተማዋን ፀረ ባርነት ማኅበር የምትመራ ሴት ሆና አገኘኋት። ስሟ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ላይ አልገጠመኝም። አሁን ደብዳቤዋ ስለ ፊሊፕስ ሳይሆን ስለ እሷ ሆናለች። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያሳያቸው አሮጌ ጋዜጦች ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው። የደራሲዎቹ የቅጂ መብት በዘመን ርዝመት ስላበቃ ጽሑፉን ፎቶ አንሥታችሁ ብታጋሩም ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ገጽ መዝግቡ። ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ፤ በእጁ መጻፉን በምን እንዳረጋገጣችሁ፤ የተቀባዩን ማንነት። ደረሰኙን አብራችሁ አስቀምጡ። ገጹን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፉት። የእኔ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን ይከብዳቸዋል። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። ማኅደሩን የከፈተ ማንኛቸውም ይሁኑ፣ አሮጌ ወረቀት ነው ብለው እንዳይጥሉት፣ ከላይ በትልቁ «ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ» ብዬ ጽፌበታለሁ።